ፒያሳ ከፈረሰ በኋላ፦ የሰፈር ትዝታ ስንመዘግብ ምኑን ነው የምንመዘግበው?

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ በፒያሳና በዙሪያዋ ለኮሪደር ልማት የሚፈርሱ ቤቶች መፍረስ መጀመራቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፒያሳ ያልጻፈ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እኔም የተጻፈውን እያሳደድኩ ሳነብ ከርሜአለሁ፤ ባነበብኩ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጽሑፎቹ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ዝርዝር ይዘዋል፦ ጣይቱ ሆቴል፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ ቶሞካ ቡና፣ ወርቅ ቤቶቹ፣ ኬክ ቤቶቹ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቆች። የእነዚህን ክብር የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ታሪካቸው በመጻሕፍትና በጋዜጣ ተጽፎ፣ ምስላቸው በፖስት ካርድ ታትሞ ተቀምጧል። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት በተጎዳ ጊዜ ወሬው አገሩን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። የእነርሱ ትዝታ ጠባቂ አላጣም።

በእኔ አስተያየት ያለ መዝገብ እየጠፋ ያለው ከዋናው መንገድ ጀርባ የነበረው ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲህና ወዲያ፣ በሠራተኛ ሰፈር፣ በዶሮ ማነቂያ፣ በእሪ በከንቱ ቅያሶች ውስጥ የኖረ ሰው የሚያስታውሰው ቤቱን ብቻ ሳይሆን ግቢውን ነው። ግቢ ማለት በአንድ የቆርቆሮ በር የሚገቡ አምስትም አሥርም አባወራዎች፣ አንድ የውኃ ቆጣሪ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ አንድ ማዕድ ቤት፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ማለት ነበር። ይህ ሁሉ የጋራ በመሆኑ ሰዎቹ በየወሩ ሳይነጋገሩ መኖር አይችሉም ነበር። የውኃው ሒሳብ በነፍስ ወከፍ ይካፈላል ወይስ በቤት፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት ከመብራቱ ስንት እጅ ትክፈል፤ የመጸዳጃው ጉድጓድ ሲሞላ መጣጩን መኪና ማን ይጥራ፤ በሩ ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋ፤ አምሽቶ የሚገባውንስ ማን ተነሥቶ ይክፈትለት። ሰፈር የምንለው ነገር ከዚህ ንግግር፣ ከዚህ ጭቅጭቅና ከዚህ ዕርቅ የተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከቤቶቹ ጋር አብሮ የፈረሰውም ይኸው ነው።

በቤተሰባችን ያሉትን የቆዩ ፎቶግራፎች አውጥቼ አንድ በአንድ አይቼአቸዋለሁ። አብዛኞቹ በፒያሳ ፎቶ ቤቶች የተነሡ ናቸው። ሰዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ይታያሉ፤ ከጀርባቸው ያለው ግን በሸራ የተሳለ ፏፏቴ ወይም የአበባ ቦታ ነው። ቅያሱን፣ የግቢውን በር፣ የጀሪካኑን ሰልፍ ያነሣ የለም፤ ለዚያ ብሎ ማን ፊልም ያባክን ነበር? ስለዚህ ለዚህኛው ፒያሳ ምስሉ ያለው በነዋሪዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በዚህ ገጽ ትዝታችሁን ስታሰፍሩ «ፒያሳ ድሮ ቀረች» ከሚለው አልፋችሁ ግቢያችሁ የት እንደነበረ፣ ስንት ቤት እንደነበረበት፣ ምኑ የጋራ ምኑ የግል እንደነበረ፣ ወጪው እንዴት ይካፈል እንደነበረ፣ ሰው ሲሞትና ሲወለድ ማን ምን ያደርግ እንደነበረ ብትጽፉልን። የሰዎች ስም አያስፈልግም፤ «የልብስ ሰፊው ቤት» ወይም «የጠላ ቤቷ ሴትዮ» ከተባለ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቤኒን ሰፈር

ወንድሜ፣ ያነሣኸው ነገር ልክ ነው። እኔ ያደግሁት ኑር መስጊድ አጠገብ በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። በግቢው ከነበሩት ስምንት ቤቶች ሦስቱ የሙስሊም፣ የቀሩት የክርስቲያን ነበሩ፤ እድሩ ግን አንድ ነበር። እድሩ ሁለት ዓይነት ድስት ነበረው። በእጀታቸው ላይ ቀይ ቀለም የተቀቡት የሙስሊም ሲሆኑ የክርስቲያን ሥጋ አይገባባቸውም። በክርስቲያን ቤት ሐዘን ሲሆን እናቴና ሁለት ጎረቤቶቿ ቀዩን ድስት ተረክበው ለሙስሊም ለቀስተኛ የሚሆነውን ለብቻው ይሠራሉ፤ በእኛ ቤት ሲሆን ደግሞ ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን የራሳቸውን ድስት ይጥዳሉ። ይህን ሥርዓት ማን እንደደነገገው የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ ሲጣስም አላየሁም። የድስቱ ቀለም በየስንት ጊዜው ይታደስ እንደነበረ የሚያስታውስ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የእድር ጸሐፊ

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ልጄ አንብቦልኝ ነው መልስ የማጽፈው። በዚያው አካባቢ በነበረ አንድ እድር ውስጥ ለረጅም ዘመን በጸሐፊነት አገልግያለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

የእድር መዝገብ ትልቅ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ነው። በየገጹ የአባሉ ስም፣ የትዳር ጓደኛው ስም፣ በእርሱ ሥር የሚረዱ ልጆችና ወላጆች ዝርዝር፣ የገባበት ቀን፣ የቤት ቁጥሩ፣ ከዚያም የየወሩ መዋጮ የሚሰፍርበት ሠንጠረዥ አለው። ከጀርባው የቅጣት መዝገብ አለ፦ ከቀብር የቀረ፣ ድንኳን ሲተከል ያልመጣ፣ ከስብሰባ ያረፈደ ይጻፍበታል። በአባሉ ቤት ሞት ሲያጋጥም ለእናት ለአባት ስንት፣ ለልጅ ስንት፣ ለቅርብ ዘመድ ስንት እንደሚከፈል በውስጠ ደንቡ ተወስኖ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ተለጥፏል። ማለዳ በጡሩምባ የሚጣራው ሰውም ደመወዙ የሚከፈለው ከዚሁ መዝገብ ነው። እርሱ በየቅያሱ ቆሞ «የእገሌ አባት ስለ ሞቱ ቀብራቸው በዚህ ሰዓት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው» ሲል የማይሰማው ቤት አልነበረም፤ የጭቃ ግድግዳ ድምፅ አይከለክልምና።

የመልቀቂያው ጊዜ በደረሰ ጊዜ አባሎቻችን ወደ አንድ ቦታ አልሄዱም። የግል ይዞታ ያለው ምትክ ቦታ ወደ ተሰጠው፣ የቀበሌ ቤት የነበረው ምትክ ቤት ወደ ደረሰው፣ ደባል የነበረው ደግሞ አቅሙ ወደ ፈቀደለት ተበተነ። ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተን የተነጋገርንበት ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንደኛው ወገን «ገንዘቡን ተካፍለን እድሩን እንዝጋ፤ በሄድንበት አዲስ እንገባለን» አለ። ሌላው ወገን «የሰባ ዓመት ሽማግሌ አዲስ እድር ሲገባ የመግቢያውን ማን ይችልለታል? የሚቀበለውስ ማን ነው?» አለ። እውነትም አብዛኛው እድር ለሽማግሌ መግቢያው ከባድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይከፍል ቶሎ ይረዳልና። በመጨረሻ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። የገንዘብ ርዳታው በነበረበት ይቀጥላል፤ መዋጮውም በስልክ ይላካል። ጉልበቱ ማለትም ድንኳን መትከሉ፣ ሬሳ መሸከሙ፣ ከሐዘንተኛው ጋር ማደሩ ግን በአዲሱ ሰፈር ለሚቋቋም እድር ይተው ተባለ። ስለዚህ ዛሬ አብዛኛው አባላችን የሁለት እድር መዋጮ ይከፍላል።

አሠራሩ ጉድለት የለውም አልልም። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ብረት ድስቶቹ በአንድ አባል ግቢ ተቀምጠው ነበር፤ እርሱም ሲነሣ የሚያስቀምጥ ቦታ ጠፋ። ዕቃው በከፊል ተሸጠ፤ የቀረውን በርከት ብለው ወደ አንድ ቦታ የሄዱት አባሎች ወሰዱት። ጡሩምባው ቀረ። አሁን መርዶ የሚነገረው በስልክ መልእክት ሲሆን መልእክቱን ያላየ ሰው ከቀብር ቀርቶ ሲቀጣ ቅር ይለዋል፤ ቅጣቱ ይነሣ አይነሣ ገና አልወሰንም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ፣ የሠራተኛ ሰፈር ልጅ። «መዝገብ የለም» ብለሃል። መዝገቡ አለ። የእኛ ደብተር በቤት ቁጥር ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። ገጹን ስትገልጥ ማን ከማን ጎን ይኖር እንደነበረ፣ ማን መቼ እንደገባ፣ ቤቱ ከአባት ወደ ልጅ መቼ እንደተላለፈ፣ በየትኛው ዘመን ብዙ ሰው እንደሞተ ታነባለህ።

ዶሮ ማነቂያ ያደግሁ

ለጋሼ እድር ጸሐፊ ታላቅ አክብሮት አለኝ፤ የምጽፈውም እርሳቸውን ለመቃወም አይደለም። ነገር ግን የጋራ መጸዳጃ ቤትን እንደ ፍቅር መገለጫ አድርጎ የሚያነሣ ጽሑፍ ሳነብ ትዕግሥት ያጥረኛል።

እኔ ሴት ልጅ ሆኜ ነው በዚያ ግቢ ያደግሁት። ማታ ወደ መጸዳጃ ለመሄድ እናቴን ወይም ታላቅ እኅቴን መቀስቀስ ነበረብኝ፤ መንገዱ ጨለማ ነው፣ በሩም መቀርቀሪያ አልነበረውም። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስስ ስለነበር ሳፋና ባልዲ የምንደቅንበትን ቦታ በልባችን እናውቀው ነበር። ማዕድ ቤቱ ጢስ ነው፤ የእናቴ ዓይን ከዚያ ጢስ የተነሣ እስከ ዛሬ ያለቅሳል። አንድ ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ ወላጆች በወዲያ፣ ልጆች በወዲህ ይተኙ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ባልና ሚስት ሲጣሉ እኛ ልጆች ትምህርታችንን አቁመን እንሰማለን። ጎረቤት ሁሉን ያውቃል መባሉ በበጎም በክፉም ነው፤ የትኛዋ ልጅ ከማን ጋር ቆማ እንደታየች ከቤቷ ሳትደርስ እናቷ ጆሮ ይደርስ ነበር። ሥራ ስቀጠር አድራሻሽ የት ነው ስባል «ፒያሳ» ብዬ አቆማለሁ፤ ቅያሱን አልጠራም ነበር።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጸዳጃ ቤቴን ከውስጥ እቆልፋለሁ። ይህን ለማታውቁት ቀላል ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። እርግጥ ውኃው በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት አለ፤ እናቴም ደረጃው ስለሚከብዳት ከወጣች ወዲህ ብዙ አትወርድም። ሲጨልም ብቻዋን መቀመጧን ሳይ የድሮው ግቢ ትዝ ይለኛል፤ እዚያ ቢሆን ኖሮ በሯ ላይ ተቀምጣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ስታወራ ይመሽላት ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ስለዚህ ስትመዘግቡ መቀርቀሪያ ያልነበረውንም በር መዝግቡት።

የከተማ ፕላን አጥኚ

እኅቴ የጻፈችው ነገር አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ እነዚያ ቤቶች ለምን እስከዚያ ድረስ አረጁ? ይህ ከነዋሪው ስንፍና የመጣ አይደለም።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ከተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሥር ሆኑ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው መጠሪያ ከዚያ የመጣ ነው። ኪራዩ ለዐሥርተ ዓመታት በነበረበት ቆመ፤ ነዋሪው በእርግጥ ተጠቅሟል፤ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ ግን አልነበረም። ተከራዩ በራሱ ወጪ ልጠግን፣ አንድ ክፍል ልጨምር ቢል ደግሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነም ያወጣው ገንዘብ ነገ እንደሚታሰብለት ዋስትና የለውም። በዚህ ላይ ቤተሰቡ እየበዛ፣ ልጆች እያገቡ በዚያው ግቢ ውስጥ በቆርቆሮና በጣውላ እየተቀጠለ ሄደ። እኅቴ ያለችው የሚያፈስስ ጣሪያ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው።

ወደ መነሣቱ ስንመጣ፣ በይዞታ ዓይነት የሚለያየው ዕጣ ፈንታ ለትዝታውም ጉዳይ ትርጉም አለው። ባለይዞታ የሆነ ሰው ለቤቱ የንብረት ካሣ ይሰላለታል፤ የቀበሌ ተከራይ ግን የቤቱ ባለቤት ስላልሆነ ጉዳዩ የምትክ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል ጉዳይ ይሆናል። አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ሰዎች ወደ ተለያየ አቅጣጫ የሄዱት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ጋሼ እድር ጸሐፊ የገለጹት መበተን እንግዲህ አስቀድሞ በካርታና በውል ውስጥ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቂያና ካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ከንብረት ካሣ በተጨማሪ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቡና ጉዳት የሚከፈል ካሣ የሚል ነገር አስገብቷል። ሕግ አውጪው ሰው ከጎረቤቱ ሲለይ የሚጎዳው ነገር እንዳለ በጽሑፍ አምኗል ማለት ነው። ነገር ግን የሕጉ አነጋገር በዋናነት ባለይዞታውን የሚመለከት ሲሆን ትስስሩ ከሁሉ የጠበቀው ግን ብዙ ነገር በጋራ ይጠቀሙ በነበሩት የቀበሌ ተከራዮችና ደባሎች ዘንድ ነበር። ይህ አለመጣጣም ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209ም ቢሆን ግዙፍነት የሌላቸውን ቅርሶች ሲዘረዝር የሠርግና የሐዘን ሥርዓትን ይጠቅሳል፤ ስለዚህ ሁለቱ ዓይነት ድስትና የእድሩ መዝገብ ቅርስ ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል።

ጥንተ አራዳ

አንድ ነገር ላስታውስ፦ ፒያሳ ስትነሣ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። አካባቢው አራዳ ሲባል በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የከተማው ዋና ገበያ ይቆም ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ ወራሪው ከተማዋን በዘር ከፋፍሎ ለማቀድ ሲነሣ ገበያውን ወደ ምዕራብ አሻገረው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ከዚያ ጀምሮ ነው የሰፋው። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ደግሞ ስንቱን ሳር ቤት ከነሰዉ አቃጥሏል፤ የጊዮርጊስ ካቴድራልም በእሳት ተለኩሷል። ከዚያ በፊት የነበረውን የአራዳ ገበያ የየቀኑን ኑሮ፣ ማን ከማን አጠገብ ምን ይሸጥ እንደነበረ፣ ከጥቂት የውጭ ተጓዦች ማስታወሻ በቀር በዝርዝር የሚነግረን ብዙ የለም። የራሳችን ሰዎች በዝርዝር ቢጽፉት ኖሮ እንዴት ያለ ሀብት በሆነ ነበር።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም ትዝ ይለኛል። በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ከቦታው ሲነሣ ሕዝቡ ተጨንቆ ነበር፤ ሐውልቱ ግን በጥንቃቄ ተቀምጦ ሥራው ሲያልፍ ወደ አደባባዩ ተመልሷል። ለድንጋይ የሚደረገው ጥንቃቄ ለሰፈር ሰው ትውስታ ቢደረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም ነበር።

ከካዛንቺስ የመጣሁ

እኛ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው የተነሣነው። ከእኛ ሰፈር ብዙ ሰው በአንድነት ወደ ገላን ጉራ ስለሄደ የእድሩ ነገር እንደ ፒያሳዎቹ አልከፋብንም፤ ጎረቤቶቼ ከእኔ በሁለት ሕንፃ ርቀት ላይ ናቸው። እኛ ዘንድ የተቋረጠው ሌላ ነው፤ እርሱም የእንጀራ ገመዳችን ነው።

ካዛንቺስ የቢሮ ሰፈር ነበረች። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ሆቴሎቹ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ በእግር በሚደረስበት ቦታ ነበሩ። ከጀርባቸው ባሉት ቅያሶች የምንኖር ሰዎች በአብዛኛው የምንተዳደረው በእነርሱ ነበር። አንዷ በረንዳ ላይ ቡና ታፈላለች፤ ሌላዋ ምሳ ሠርታ በሳህን ታቀብላለች፤ አንዱ የመኪና ጠባቂ ነው፤ ሌላው ለቢሮ ሠራተኛ ሸሚዝ ያጥባል፣ ይተኩሳል። ትርፍ ክፍል ያለው ለአዳዲስ ተቀጣሪዎች ያከራያል። እኔ ራሴ ቁርስ ቤት ነበረኝ። ደንበኞቼን በስማቸው ሳይሆን በሚያዙት ነበር የማውቃቸው፤ ፉል ያለ ቃሪያ፣ እንቁላል በደንብ የበሰለ፣ ሻይ ያለ ስኳር። የደመወዝ ቀን እስኪደርስ በዱቤ የሚበሉ ነበሩ፤ የዱቤ ደብተሬ እስከ ዛሬ አለ፤ ከውስጡ ያልተከፈለ ሒሳብም አለ። ሰዎቹ ክደውኝ ሳይሆን የት እንዳለሁ ስላላወቁ ነው።

አዲሱ ቤታችን ንጹሕ ነው፤ ልጆቼም ደስ ብሏቸዋል። ቁርስ ቤቱን እዚህ ለመክፈት ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን ጠዋት ሁሉም ሰው ለሥራ ወደ መሐል ከተማ ለመድረስ ጎሕ ሳይቀድ ስለሚወጣ ቁጭ ብሎ የሚበላ የለም። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ስትመዘግቡ የኑሮ መተዳደሪያውንም ጨምሩ፦ ሰዉ ምን ይሠራ ነበር፣ ለማን ይሸጥ ነበር፣ ገዢው በምን ሰዓት ከየት ይመጣ ነበር። የእድር መዝገብ ይህን አይነግራችሁም።

ልደታ ነዋሪ

እኛ ከእናንተ ቀድመን አልፈንበታል። በልደታ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረው ሰፈር ከ2001 ዓ.ም. በኋላ ሲፈርስ በዚያው ቦታ ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶ ከቀድሞ ነዋሪዎች ጥቂቶቹ ለመመለስ በቅተዋል፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። የተመለሰ ሰው ሁሉን አገኘ ብላችሁ እንዳታስቡ። ቦታው ያው ነው፤ አጠገቤ ያሉት ግን ከከተማው ከየአቅጣጫው በዕጣ የመጡ ናቸው። ለመተዋወቅ ዓመታት ፈጅቶብናል፤ ያስተዋወቀንም ሐዘን ነው። በሕንፃችን የመጀመሪያው ሰው ሲሞት ድንኳን የት እንደሚተከል የሚያውቅ ስላልነበረ በመኪና ማቆሚያው ላይ ተከልነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ለእድር የተሰበሰብነው። በጋራ መጠቀሚያው ሕንፃ በበዓል በሬ እናርዳለን፤ ሴቶቹም በየደረጃው መድረሻ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ቡና ይጠጣሉ። ጽኑ፣ ጊዜ ስጡት።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኅቴ ዶሮ ማነቂያ ያደግሽው፣ የጻፍሽውን እንዳለ ከመጀመሪያዎቹ መዝገቦች ጋር አስቀምጬዋለሁ፤ ያ በር ከሌለበት ሥራው ሐሰት ይሆናል። ከካዛንቺስ የመጣህ ወንድሜ፣ የዱቤ ደብተርህን በፍጹም እንዳትጥለው። የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ ማወቅ አንፈልግም፤ በአንድ የሥራ ቀን ስንት ሰው ምን እንደበላ የሚያሳይ ከእርሱ የተሻለ ሰነድ ግን ከየትም አይመጣም። የቆዩ የቤት ኪራይ ካርኒዎች፣ የውኃ ደረሰኞች፣ በግቢው ስም የተጻፉ የስምምነት ወረቀቶች ያላችሁም ፎቶ አንሥታችሁ አቆዩ፤ የቤት ቁጥሩ ይታይ፣ ስሙ ይሸፈን።

ጋሼ እድር ጸሐፊ፣ ስለ መዝገቡ አንድ ጥያቄ ላቅርብልዎት። የቤት ቁጥሩን ቅደም ተከተልና ዓመቱን ብቻ ገልብጠን፣ ስም ሳናወጣ፣ ከድሮው የቀበሌ ካርታ ጋር ብናገናኘው እያንዳንዱ ግቢ የት እንደነበረ ማስቀመጥ የምንችል ይመስለኛል። ይህ ከእድሩ ደንብ ጋር ይጋጫል?

የእድር ጸሐፊ

ልጄ፣ መዝገቡ የእኔ አይደለም፤ የአባላቱ ነው። በውስጡ ማን ስንት ተረዳ፣ ማን ለምን ተቀጣ፣ ማንን በልጅነት ሳይሆን በተረጂነት አስመዘገበ የሚል አለበት። ከዚህ የተነሣ ጠብ የሚነሣበት ቤተሰብ ይኖራል። ስለዚህ ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አቀርባለሁ። የምጠይቀው ፈቃድ አንተ እንዳልከው ለቤት ቁጥርና ለዓመት ብቻ ነው፤ የቅጣት ገጾቹ አይከፈቱም። ገልባጩም ከአባሎቻችን ልጆች አንዱ ሆኖ ሥራውን በእኔ ፊት ይሠራል እንጂ ደብተሩ ከቤቴ አይወጣም።

ሌላም ነገር አለ። በእጄ ያለው ሁለተኛው ደብተር ነው። የመጀመሪያው፣ ከአዋጁ በፊት ቤቶቹ ገና በግለሰብ እጅ ሳሉ የተጀመረው፣ በቀድሞው ገንዘብ ያዥ ቤት ነበር። እርሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ዕቃቸውን ይዛ እንደተነሣች ሰምቻለሁ፤ የት እንደገባች ግን አላውቅም። ከራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ልብስ ስፌት ቤት የነበራት ናት። የምታውቋት ካላችሁ ጸሐፊው ይፈልግሻል በሏት፤ ስልኬን ታውቀዋለች።

ቤኒን ሰፈር

ጋሼ፣ እኔ አውቃታለሁ፤ የእኅቴን የሠርግ ልብስ የሰፋች እርሷ ናት። ቅዳሜ እደውልላታለሁ።